ሳይመዘገቡ መታመም ክልክል ነው

እኔ የምለው፣ ሰው ለመታመም ፈቃድ መጠየቅ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ድሮ በሽታ ሲመጣ ዝም ብሎ ይመጣ ነበር። ሰውየው ይተኛል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዱ ጠበል ይላል፣ አንዱ ሐኪም ቤት ይላል፣ ሦስተኛው «የሰው ዓይን ነው» ብሎ ይከራከራል። በመጨረሻ ቃሬዛ ይታሰርና ጎረምሳው እየተፈራረቀ ተሸክሞ ከተማ ያደርሰዋል። በር ላይ «ስምህ ማን ነው?» ይባላል። መናገር ካቃተው የተሸከሙት ይናገሩለታል። አለቀ። አሁን ግን በሽታም ተራ እንዲጠብቅ ታዟል። ካርድህ የታለ? ታድሷል ወይ? የየትኛው ወረዳ ነህ? ሪፈር ይዘሃል ወይ? ውጭ አገር ከሆንህ ደግሞ፣ እዚህ አገር ከገባህ ስንት ዓመትህ ነው? ይህ ሁሉ ተጠይቆ እስኪያልቅ በሽተኛው ወይ ይድናል ወይ ይሞታል፤ ለመዝገብ ቤቱ ሁለቱም ዕረፍት ነው።

የሰፈሬ ሰው ማማረር ይወዳል እያለ ያማኛል። አልወድም፤ ያስለመዱኝ መዝጋቢዎች ናቸው። ብቸና ተወልጄ ሞጣ ያረጀሁ የእህል ነጋዴ ነኝ። ሁለቱም ከደጀን ተነሥቶ በአዴት በኩል ባሕር ዳር በሚያደርሰው መንገድ ላይ ያሉ፣ በድሮው አከፋፈል እያንዳንዳቸው የአውራጃ ከተማ የነበሩ ናቸው። ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ጤፍ ስጭን ስኖር የየት አገር ሰው ነህ ብሎ ያስቆመኝ አልነበረም። የታመምሁ ዕለት ግን ጠየቁኝ።

ከቤቴ ልጀምር። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚሉት ነገር በ2003 ዓ.ም. ሲመጣ በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ነበር የተሞከረው። ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ተመረጡ። ከምሥራቅ ጎጃም አንድም ወረዳ አልገባም። የማንታመም መስለናቸው እንደሆን እንጃ! ኋላ ግን ለእኛም ደረሰን። ገበሬው አውድማውን ጠርጎ እጁ ብር ሲነካ፣ ምዝገባው የሚጧጧፈው ያን ጊዜ ነው። የቀበሌ ሰዎችና የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ በዕድሩም፣ በገበያውም፣ ከቅዳሴ መልስም እየጠበቁ ይቀሰቅሳሉ።

«አባት፣ በደኅናው ቀን ይክፈሉ፤ በክፉው ቀን አይቸገሩም» አለችኝ።

«ልጄ፣ ዕቃውን ሳላይ ቀብድ ከፍዬ አላውቅም» አልኋት። «ደግሞስ ሳልታመም ከከፈልሁ፣ ያ ብር እንዳይባክን ብሎ በሽታው ቢመጣብኝ ማን ይጠየቃል?»

ልጅቱ ሳቀች። ባለቤቴ ግን እኔን መስማት ካቆመች ቆይታለች፤ ከቅቤዋ ሽያጭ ቋጥራ የያዘችውን ፈትታ ከፈለች። ፎቶ ተነሡ ተባልን፤ ተነሣን። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔ የዚህ ቤት አባወራ ብቻ ሳልሆን የጤና መድን አባል ሆንሁ። የሚከፍሉት ያጡትን ደግሞ ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉላቸዋል። በዚህ እንኳ ቅር አላለኝም፤ የተቸገረን ማስታመም የአባቶቻችን ወግ ነው። ቅር ያለኝ ሕጉ ሲነበብልኝ ነው።

ሕጉ እንዲህ ይላል። ስትታመም መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ። ጤና ጣቢያው ከአቅሜ በላይ ነው ካለ ሪፈር ይጽፍልሃል፤ ያን ይዘህ ሆስፒታል ትሄዳለህ። ጤና ጣቢያውን ዘለህ በቀጥታ ሆስፒታል የገባህ እንደሆነ ከወጪው ግማሹን ከኪስህ ታወጣለህ። ይሁን፤ ይህስ ሥርዓት ነው። ቀጥሎ የማይሸፈነው ተነበበ። ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና አይሸፈንም አሉኝ። ሰማንያ የተጠጋሁ ሽማግሌ አፍንጫዬን ላስተካክል እንዳልነሣ መስጋታቸው ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስም ከዚያው ከመልክ ጋር ተቆጥሮ አይሸፈንም። እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። ጥርስ ለመልክ ነው ያለው ማን ነው? ቆሎ በመልክ ይቆረጠማል? ክትፎውስ ይቅር፣ ደረቅ እንጀራ በመልክ ይታኘካል? በመጨረሻ ደግሞ «ውጭ አገር የሚደረግ ሕክምና አይሸፈንም» ብለው አነበቡ። ያን ጊዜ ውጭ አገር ማለት ለእኔ ከዓባይ ማዶ ነበርና ጆሮዬን ሳልሰጠው አለፈ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እሳቸው እኔን ሲያዩ ይቀናሉ። የደመወዝተኛውና የጡረተኛው መድን በሌላ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 690/2002 ይባላል። ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ፣ ከጡረተኛው ደግሞ 1 በመቶ ይቆረጣል ተብሎ ተጻፈ። አዋጁ ሲወጣ መምህሩ ጠመኔ ይዘው ያስተምሩ ነበር። ይጀመራል፣ ተራዘመ፣ ይጀመራል፣ ተራዘመ ሲባል ዓመታት አለፉ፤ እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ ዓይናቸው ደከመ። «አዋጁን ያነበብሁት ያለ መነጽር ነበር» ይሉኛል። እኔም ለማጽናናት «የእኔ ካርድ መነጽርዎን ባይሸፍንም ሐዘንዎን እጋራለሁ» እላቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ ለዘመድ ተዝካር ወደ ብቸና ስወርድ መንገድ ላይ ሆዴን ቆረጠኝ። የምን ቁርጠት፣ ምጥ በሉት! ስሙን የማልጠራው ከተማ ላይ አውርደው ጤና ጣቢያ አስገቡኝ። ካርዴን በኩራት አወጣሁ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ገልበጥ አድርጋ አየችና «አባት፣ ይህ እኮ የሌላ ወረዳ ነው፤ እኛ ጋ ውል የለውም» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«የእርስዎ መድን የሚከፍለው ውል ለገባባቸው ጤና ተቋማት ነው። ከዚህ ጋር ውል የለውም። በክፍያ መታከም ይችላሉ።»

ቁርጠቱ ቆመ። በንዴት ነው የቆመው፤ መድኃኒትነቱን አልክድም። ዞኑ አንድ፣ ቋንቋው አንድ፣ ጤፉ አንድ፣ ታቦቱ አንድ። ቅድመ አያቴ በዚህ አገር በቅሎ አስሯል፤ አጎቶቼ በዚህ አገር ከጣልያን ተታኩሰዋል። እኔ ግን በቁርጠት ተይዤ በገዛ አገሬ የውጭ ዜጋ ሆንሁ። ፓስፖርት ብቻ ነው ያልጠየቀችኝ። ነገሩን ሲያስረዱኝ፣ መዋጮው የሚጠራቀመው በየወረዳው ቋት ነው አሉ፤ የአንዱ ወረዳ ቋት ለሌላው በሽተኛ አይከፍልም። ገባኝ። ያልገባኝ፣ የመኪናው መንገድ ወረዳ ከወረዳ ሲያቋርጥ በሽታዬ ሞጣ ላይ ወርዶ እንዲጠብቀኝ የሚነግረው ማን እንደሆነ ነው።

ይህን ሁሉ ምሬት በስልክ ለልጄ ብነግራት «አባባ፣ እዚህ ይምጡና ይታከሙ» አለችኝ። እዚህ የምትለው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ዲቪ ደርሷት ሄዳ፣ ኋላም ዜግነት አግኝታ፣ ዜጋ ወላጁን ማስመጣት ይችላል ብላ አመለከተችልኝ። ለቪዛው አዲስ አበባ ላይ ያልመረመሩት የአካሌ ክፍል የለም። ደረቴን በራጅ አዩ፣ ደሜን ቀዱ፣ ክትባት ወጉኝ። ጤነኛ መሆኔን በማኅተም አረጋግጠው አሳፈሩኝ። ጤነኛ ሆኜ እንድገባ እንዲህ የተጨነቀ መንግሥት፣ ከገባሁ በኋላ ጤነኛ ሆኜ እንድቆይ ምን ያህል ይጨነቅ ይሆን ብዬ በአውሮፕላን ላይ ደስ ሲለኝ ሄድሁ። ቂል ተስፋ ነው፤ ተስፋውን የሰጠችኝ ልጄ ናት።

ሲጀመር ስሜ አላስገባ አለ። የእኛ ሰው ስሙን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ይዞ ነው የሚሄደው። እነሱ የመጨረሻውን የቤተሰብ ስም ብለው ይይዛሉ። ስለዚህ እኔ በአያቴ ስም ተጠራሁ፤ ልጄ በአባቴ ስም ተጠራች፤ ባለቤቴ ከሁላችንም የሚለይ ስም ያዘች። መዝጋቢዋ ሦስታችንን አየችና «ዝምድናችሁ ምንድን ነው?» አለች። ሃምሳ ዓመት አብራኝ የኖረችውን ሚስቴን ባዕድ ናት ሊሉኝ ምንም አልቀራቸው።

ከስም አልፎ ልደት መጣ። እናቴ የነገረችኝ አርበኛው በላይ ዘለቀ በተሰቀለበት ዓመት መወለዴን ነው፤ ይህም 1937 ዓ.ም. ነው። ብቸና ላይ ከዚህ የበለጠ የታወቀ የልደት ምስክር የለም። ፓስፖርቱ ግን ወርና ቀን ይፈልጋል። ወርና ቀኑ ለማይታወቅ ሁሉ እንደሚደረገው በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ጻፉልኝ። ሜሪላንድ ስደርስ በቤተ ክርስቲያን ያገኘኋቸው እኩዮቼ ብዙዎቹ ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ሆነው አገኘኋቸው። ያን ቀን አገራችን ውስጥ ከመውለድ በስተቀር ሌላ ሥራ አልነበረም ማለት ነው። እኔን የሚያጽናናኝ ቀኑ ወደ እኛ ሲመለስ ታኅሣሥ 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት መሆኑ ብቻ ነው። ሞጣ ጊዮርጊስን ለተሳለመ ሰው ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ወደ ዋናው መዝገብ ደረስን። ልጄ ይዛኝ አንድ ቢሮ ሄደች። አስተርጓሚ በስልክ ሰጡን። አማርኛ በዚያ አካባቢ የተከበረ ቋንቋ ነው፤ በዋሽንግተን ከተማ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚዋ በትሕትና «አባት፣ ምን ላግዝዎ?» ስትለኝ አልቅሼ ልስማት ነበር፤ ስልክ ሆነችብኝ። ከዚያ በኋላ የተረጎመችልኝ ግን ሁሉ ክፉ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ለሽማግሌ ሜዲኬር የሚባል የመንግሥት ጤና መድን አለ። 65 ዓመት የሞላው ይገባዋል። እኔ ሞልቶኝ ተርፎኛል። ነገር ግን ግሪን ካርድ የያዘ እንግዳ ሜዲኬር ውስጥ ለመግባት፣ ሳያቋርጥ አምስት ዓመት እዚያው መኖር አለበት። ከአምስት ዓመት በኋላም የሆስፒታሉን መድን በወር በወር እየከፈለ ይገዛል እንጂ በነጻ አያገኝም። በነጻ የሚያገኘው አርባ ሩብ ዓመት ግብር እየከፈለ የሠራ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው የሠራችለት ነው። አርባ ሩብ ማለት አሥር ዓመት ነው። ይህን ስሰማ በጣቴ ቆጥሬ ለአስተርጓሚዋ «ንገሪልኝ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ የማውቀው አርባ አንድ ነው። ከአርባው ሩብ አርባዬ ይቀድማል፤ ተዝካሬን እዚሁ እንዲደግሱልኝ ጠይቂልኝ» አልኋት። ልጅቱ ዝም አለች። ተዝካርን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው ቢሮው ጸጥ አለ።

ለድሃ የሚሆን ሌላ አለ፤ ሜዲኬይድ ይባላል። ለእሱም እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሕግ አለ፤ አብዛኛው ግሪን ካርድ ያዥ አምስት ዓመት ሳይሞላው አያገኝም። ከዚህ የሚተርፉ አሉ፤ ስደተኛ ሆነው የተቀበሏቸውና ሌሎችም። እኔ ግን በሰላም ስለመጣሁ አልተረፍሁም። ድንገት ቢያጣድፈኝስ አልሁ። ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል መድን የለህም ብሎ በር ሊዘጋብህ አይችልም፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ ያስገድደዋል አሉኝ። መርምሮ ያረጋጋሃል። ሂሳቡ ግን በፖስታ እቤትህ ድረስ ይመጣል። በሽታው ቢተውህ እንኳ ፖስተኛው አይተውህም።

ከዚህ ሁሉ የቆረቆረኝ የልጄ ፊርማ ነው። እኔን ስታስመጣ አፊዳቪት የሚሉትን ቃል ፈርማለች፤ አባቴን እጦረዋለሁ፣ የመንግሥት ሸክም አይሆንም ብላ። እስቲ አስቡት! ልጅ አባቱን ለመጦር መንግሥት ፊት ፈርሞ ዋስ ሆኖ! በእኛ አገር ይህ ቢሰማ ለልጅቱም ለእኔም ሽምግልና ይቀመጡልን ነበር። ያ ግዴታዋ የሚያበቃው እኔ ዜጋ ስሆን፣ ወይም አርባው ሩብ ሲሞላልኝ፣ ወይም አገሩን ለቅቄ ስወጣ፣ ወይም ስሞት ነው። አራቱን መንገድ በሌሊት ተኝቼ አወጣሁ አወረድሁ። አራተኛው ሳይመርጠኝ ሦስተኛውን ልምረጥ እያልሁ ማሰብ የጀመርሁት ያን ሌሊት ነው።

«አባባ፣ ኢንሹራንስ ከገበያው እንገዛለን» አለችኝ ልጄ። አገር ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ለገባ ሰው መግዣው ክፍት ነው፤ አዲስ ለመጣ 60 ቀን ይሰጡታል፤ ያ ካለፈው በኅዳር አካባቢ የሚከፈተውን የዓመቱን ምዝገባ ይጠብቃል። አያችሁ ወይ? ሳያርሱ ሳያጭዱ ምዝገባቸው በእኛ አውድማ ሰሞን! ከእኛ ሰርቀውት ካልሆነ ከየት አመጡት? ብቻ ተመዘገብሁ። በየወሩ ይከፈላል። ታዲያ ስታመም ለምን ደግሞ ከኪሳችን እናወጣለን ስላት «ዲዳክቲብሉ አልሞላም፣ አባባ» አለችኝ። ዲዳክቲብል ማለት መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት አንተ የምትከፍለው ነው። በወር ትከፍላለህ፤ ስትታመም ትከፍላለህ፤ ከፍለህ ከፍለህ ጉልበትህ ሲያልቅ መድኑ ይነሣና «አይዞህ፣ አለሁ» ይልሃል። ሞጣ ላይ እንዲህ ያለውን ሰው አራጣ አበዳሪ እንለዋለን።

እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ከቅዳሴ በኋላ የአገር ሰው ሻይ ይዞ ይቀመጣል። የሽማግሌዎቹ ወሬ ስለ ዝናብና ስለ እህል ዋጋ እንዳይመስላችሁ። «ያንተ ሜዲኬይድ ወጣ?» «የለም፣ ሁለት ዓመት ይቀረኛል።» «የእገሌ እኮ ወጣለት!» ሲባል ሁሉም «እሰይ!» ይላል፤ ሎተሪ የወጣለት ይመስል። የደም ግፊት ኪኒኔ ሲያልቅ ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ወደ አገር ቤት ደወለች፤ ኪኒኑ ከበሶና ከሽሮ ጋር በመንገደኛ ሻንጣ ከሞጣ ተነሥቶ ሜሪላንድ ገባ። ዓለም ሁሉ መድኃኒት ከአሜሪካ ያስመጣል፤ እኔ አሜሪካ ተቀምጬ ከሞጣ አስመጣሁ።

የእህቴ ልጅ ለንደን ነው ያለው። ምሬቴን ሲሰማ «አጎቴ፣ እንግሊዝ ቢመጡ ይሻላል» አለኝ። እንዴት ነው አልሁት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከጁላይ 5 ቀን 1948 ጀምሮ ሕዝቡን ሁሉ በመንግሥት ያክማሉ። ለሥራ የሚመጣ የውጭ ሰው ግን ከቪዛው ጋር የጤና ክፍያ አስቀድሞ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር በዓመት 200 ፓውንድ ነበር፤ ከ2024 ወዲህ 1,035 ፓውንድ ሆኗል። የሦስት ዓመት ቪዛ ከሆነ 3,105 ፓውንድ ገና አገሩን ሳይረግጥ ከኪሱ ይወጣል። ከደረሰ በኋላ ግን በሰፈሩ ሐኪም ዘንድ ይመዘገባል፤ ማንኛውም ሕመም መጀመሪያ እዚያ ይታያል፤ ሆስፒታል የሚልከው ያ ሐኪም ነው። «እንግዲህ ይህ የእኛ ጤና ጣቢያና ሪፈር አይደለም ወይ?» አልሁት። «ነው» አለኝ። ለካ እንግሊዝና ሞጣ በአንድ ደንብ ነው የሚታከሙት! ልዩነቱ እነሱ ደንቡን ከለንደን እስከ ማንችስተር ያስኬዱታል፤ የእኛ ከሞጣ ተነሥቶ ብቸና ሳይደርስ ይደክመዋል።

ተመለስሁ። ልጄ አለቀሰች፤ እኔም ትንሽ አለቀስሁ፤ ባለቤቴ ግን ሻንጣውን ዘግታ ጨርሳ ነበር። ሞጣ ስገባ መሬቱን ስሜ፣ ዘመድ ሳልጠይቅ ካርዴን ይዤ ሄድሁ። «አባት፣ አልታደሰም» አሉኝ። «የዘንድሮው ምዝገባ አልፏል፤ በሚቀጥለው ዙር ይምጡ።» እንዴት አልፏል? እኔ እኮ በሌለሁበት ጊዜ ከመድኑ አንድ ኪኒን አልበላሁም! ያልታመምሁት ይታሰብልኝና ይታደስልኝ አልሁ። እንዲህ ያለ ሂሳብ የለንም አሉኝ። እናም በዚያ ሰሞን የእኔ ነገር እንዲህ ነበር፤ አሜሪካ አምስት ዓመት ስላልሞላኝ አልታከምም፤ እዚህ ዓመቱ ስለሞላብኝ አልታከምም።

በዚያው ክረምት ልጄ ልትጠይቀን መጣች። በአሜሪካ ፓስፖርት ገብታ ቢጫ ካርዷን አሳየች። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ ያን መታወቂያ ከያዘ ያለ ቪዛ ይገባል፤ በብዙ ነገር እንደ አገሩ ሰው ይስተናገዳል። አሜሪካዊቷ ልጄ በአንድ ቢጫ ካርድ ከሞያሌ እስከ መተማ የአገሯ ልጅ ናት። ኢትዮጵያዊው እኔ ግን ከሞጣ እስከ ብቸና እንኳ አልደርስም። «ያን ካርድሽን አውሽኝና ብቸና ሄጄ ሆዴን ልታይ» አልኋት። «አባባ፣ አንቱ ደግሞ!» ብላ ሳቀች።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣ «አንድ ነገር ረስተሃል» ትለኛለች። እኔ አልረሳሁም፤ መናገር አልፈለግሁም እንጂ። በአንድ ዓመት እሷ በጠና ታማ በሪፈር ሆስፒታል ገብታ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ መድኃኒቱንም አልጋውንም መድኑ ችሎታል። እኛ በሬ አልሸጥንም፤ ጤፍ ከጎተራ አላወጣንም። ያን ካርድ የከፈለችው በቅቤ ገንዘቧ ስለሆነ በየቡናው ታነሣብኛለች። መድኑ የሕክምናውን ዋጋ ሸፈነ፤ እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ በጆሮዬ እየከፈልሁ ነው።

ስለዚህ ፍርዴን ልስጥ፤ ሽማግሌ ያለ ፍርድ አይነሣም። መድን ማለት በደኅናው ቀን ማዋጣት ከሆነ፣ እኛ ከዕድርም ከቃሬዛም ጀምሮ የምናውቀው ነው፤ የሚነቀፍ ነገር የለውም። የሚነቀፈው አጥሩ ነው። መንግሥት ለሰው ሁሉ ፋይዳ የሚባል የመታወቂያ ቁጥር ልስጥ እያለ የአሥር ጣቴን አሻራና የዓይኔን ብሌን አንሥቶ ወስዷል። በዚያ ቁጥር ብቸናም ብሄድ ባሕር ዳር፣ እኔ እኔ መሆኔ ይታወቃል። ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም በ2014 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1273 ወጥቶለታል። ታዲያ ባንክ በሞጣ ያስገባሁትን ብር ብቸና ላይ ሲከፍለኝ፣ የሞጣ ካርዴ ብቸና ላይ የማይታወቅበት ምክንያት ምንድን ነው? ወረዳና ወረዳ እርስ በርስ ይተሳሰቡ፤ በሽተኛው የእነሱን ሂሳብ ሊያወራርድ በአልጋ ላይ አይጠብቅ።

እናንተ ውጭ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ወላጆቻችሁን ከማስመጣታችሁ በፊት የአውሮፕላኑን ትኬት ብቻ አትጠይቁ። ሽማግሌው እዚያ ሲደርስ የትኛው መድን ይቀበለዋል? ስንት ዓመት ይጠብቃል? በስንት ቀን ውስጥ ይመዘገባል? በወር ስንት ይከፈልለታል? ዲዳክቲብሉ ስንት ነው? ይህን በወረቀት ጽፋችሁ፣ አስልታችሁ፣ ከዚያ «ይምጡ» በሉን። ስንመጣም የምንውጠውን ኪኒን ቢያንስ ለጥቂት ወራት የሚበቃ፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር አስይዙን። አገር ቤት ያለውን የወላጆቻችሁን የጤና መድን ደግሞ፣ እዚያም ሆነው ቢሆን በዘመድ በኩል በየዓመቱ አሳድሱላቸው፤ ተመላሽ ሽማግሌ ብዙ ነው።

እናንተ እዚህ ያላችሁት ሞጣዎች፣ ብቸናዎች፣ በመንገዱ መካከል ያላችሁም ሁሉ፣ እንደ እኔ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ጋር አትከራከሩ፤ እሷ ደንቡን አላወጣችም፣ መንገዱን ግን በእግሯ ትሄደዋለች። የወረዳችሁ የምዝገባ ጊዜ ሳያልፍ ክፈሉ፤ ካርዳችሁን አሳድሱ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ።